ሸራው የት አደረ?

ካፒቴን ፍቅሬን ከባቄላው ማሳ ሲያወጡት እጁ መሪውን እንደጨበጠ ነበር። ሐምሌ ፲፱፻፸፪፣ ዓርብ ጧት፣ ቆዳ የጫነው አውሮፕላኑ ከሜዳው ተነሥቶ ዛፍ እንኳ በቅጡ ሳያልፍ ወደቀ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። በሕይወት የተረፈው ረዳቱ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ከበደን።»

የጭነቱ ወረቀት ላይ ግን ክብደቱ ልክ ነው።

ቆዳው የወጣው ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ካለው መጋዘን ነው። ወደ አውሮፕላኑ ያደረሰው ሾፌር ሙሄ፣ «በድብቅ ሌላ ዕቃ ጭኗል፣ አሻጥር ነው» ተብሎ ከታሰረ ዐሥራ ሁለት ቀኑ። ቅዳሜ ጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያ ዘመን በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የሰፈራችን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ሻምበል እምሩ ረቡዕ መጣ። ሲያዩት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስኳር የሚጠብቅ እንጂ መርማሪ አይመስልም።

«አባባ፣ ለዚያ ዓርብ አጥቢያ ሌሊት ዝናብ ነበር?» ሲል የመጋዘኑን ዘበኛ አቶ ገብረትንሣኤን ጠየቀ።

«ሐምሌ አይደል እንዴ ልጄ? ምን ይዝነብ ታዲያ፣ ቆሎ?»

«የተጫነው መኪና ግቢ ውስጥ ነው ያደረው። ሸራ ለብሶ ነበር?»

አዛውንቱ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «እኛ ሐዘን ላይ ነን። ተወኝ እባክህ።»

ቆዳውን የመዘኑት የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ አይናዲስ ናቸው። «ሐሙስ ከሰዓት መዘንኩት፤ እንደ ሳንቃ የደረቀ ነው። ሙሄ ሸራውን አልብሶ ገመዱን ሲያጠብቅም አይቻለሁ።»

«ማን ገለጠው ታዲያ?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፉ። «ሐዘን ላይ ነን፣ ሻምበል።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሐዘን ላይ ነው! ሊረሸን ላለው ሰው ግን የሚያዝን ጠፋ!» ብሎ እምሩ በሩን ወርውሮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር በሩ ከድሮም የላላ ነበር።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጓድ አርአያ፣ ጢማቸው እንዳደገ፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «አሻጥረኛው ተይዟል። አንተ ምን ትቆፍራለህ?»

እምሩ ከዚያ ዓርብ ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ የከረመው መኪና ላይ ወጥቶ ወለሉን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀመሰው። ከዚያ የታጠፈውን ሸራ ዘርግቶ ጠርዙን እንደ ቅማል ፈላጊ አንድ በአንድ ፈተሸው። ሐሙስ ዕለት ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበ፤ ሙሄም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ቆዳ በጨው ነው የሚደርቀው» ሲል ጀመረ። «የመኪናው ወለል ላይ ጨው ከነውሃው ተንጠባጥቦ ደርቋል። ሸራ የለበሰ ጭነት እንዲህ አያለቅስም። እትዬ አይናዲስ የመዘኑት ደረቅ ቆዳ ነው፤ ካፒቴን ፍቅሬ ያነሣው ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ያደረውን ነው። ሸራው የት አደረ?»

ከኪሱ ጥቂት ፍሬዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተናቸው፤ የተቀቀለ ስንዴና ሽምብራ።

«ከጠርዙ እጥፋት ያወጣሁት ንፍሮ ነው። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጓድ አርአያ፣ እናትዎን የቀበሩት ያን ሐሙስ ነው።»

አቶ ገብረትንሣኤ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ የፈታሁት! የዕድሩን ድንኳን ቀበሌ ለስብሰባ ወስዶት፣ ለቀስተኛው ዝናብ ሲወርድበት አላስችል አለኝና ሸራውን ወጠርኩለት። ሊነጋጋ ሲል መልሼ አለበስኩት። ከየት እንደመጣ አርአያ አያውቅም።»

«ማታ አያውቁም ነበር፤ ጧት ግን ዐውቀዋል» አለ እምሩ፣ ጭነቱ የወጣበትን ፈቃድ ከፍ አድርጎ። «የፊርማው ቀለም ፈሷል፤ ጀርባው ላይ ነጭ ጨው ደርቋል። ጓድ አርአያ ወረቀቱን የፈረሙት እርጥብ ቆዳ ላይ አስደግፈው ነው።»

«ነግሬዎት ነበር!» ሙሄ ጮኸ። «ውሃ ጠጥቷል፣ ድጋሚ ይመዘን አላልኩም? ፖሊስ ጣቢያም ተናግሬአለሁ፤ ምስክርህ ማነው አሉኝ!»

ጓድ አርአያ ፊታቸውን አሹ። «አውሮፕላኑ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ባዘገየው አሻጥረኛ የምባለው እኔ ነበርኩ።»

«ስለዚህ እሱን አስባሉት።»

እምሩ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ሙሄ ሲነግራቸው ማን ሰማ?»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ አባባም ሰምተዋል» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ አንገታቸውን ደፍተው። «እንግዲህ ሐዘንተኛ ላይ እንዴት ይመሰከራል? የእናቱ አርባ ይውጣ፣ ከዚያ እንናገራለን ተባብለን ነው።»

«አርባ!» አለ እምሩ። ካቴናውን ከሙሄ እጅ ፈትቶ ጓድ አርአያ ላይ አሰረው።

ሙሄ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ተመለከተ። «ቅዳሜ ብረሸን ኖሮ፣ የእኔ ልጆችስ ሐዘንተኛ አይባሉም ነበር?»

እምሩ የምስክሩን ቃል ጽፎ ወረቀቱን ወደ አዛውንቱ ገፋ። አቶ ገብረትንሣኤ ፊደል አልቆጠሩም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቀና ብለው ሙሄን ማየት ግን አቃታቸው።