ከማቆሚያው ቁልፍ ጀርባ ያለው ሽቦ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ ቆሜ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎቹ ጀርባ ያለ፣ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ነኝ። ውጭ ፀሐዩ ጠራራ ነው...

ስሜ ማቲ ነው፤ የማሽን ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ባለቤቱ አቶ ቤዛብሕ የጠሩኝ የቶርኖውን አሮጌ ዲሲ ሞተር አውጥቼ፣ ፍጥነቱን በሚቆጣጠር ኢንቨርተር የሚሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እንድገጥምላቸው ነው።

ያላወቁት አንድ ነገር አለ።

ከስምንት ወር በፊት ያ ቶርኖ እጅጌውን ይዞ የገደለው ዋቅቶላ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለነበርኩ ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩም።

አቶ ቤዛብሕ ለፖሊስም ለለቀስተኛም "ጠጥቶ ነው የገባው" ብለው አወሩ። ዋቅቶላ እኮ የቸርች ኳየር መሪ ነበር፤ ቢራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቸርች ስትሄድ የኋላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው።

ስለዚህ ሥራውን የተቀበልኩት ለሞተሩ ብዬ አልነበረም።

የድሮውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፈትኩ።

ከቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ጀርባ አጭር ቀይ ሽቦ ታስሯል። ቁልፉን ቢጫኑትም ማሽኑ እንዳይቆም የሚያደርግ ሽቦ።

ወንድሜ ስንቴ ተጭኖት ይሆን...

"ይሄ ሽቦ ምንድነው ጋሼ?" አልኩ።

ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። "እሱን እንዳትነካው። ቁልፉ ተበላሽቶ ማሽኑን በየደቂቃው ያቆምብኛል። አዲሱም ላይ እንደዛው እሰረው።"

በቃ... ጨከንኩ። እንዳሉኝ አሰርኩት። በገዛ ሽቦህ ተያዝ አልኩ በልቤ። ዛሬም አልጸጸትም።

ገጥሜ ስጨርስ ከኋላዬ መዳፍ ብረት መታ። ጧ... ጧ...

ዞር ስል ማንም የለም። ዋቅቶላ ሥራ ሲጀምርም ሲጨርስም ቶርኖውን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ልማዱ ነበር።

የኢንቨርተሩ ስክሪን በራ። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሳ። አምስት... አስራ ሁለት...

ዋናውን ማብሪያ አየሁት። እንደወረደ ነው፤ ኃይል የለም።

ቶርኖው መዞር ጀመረ።

አቶ ቤዛብሕ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። እጅጌያቸው ተያዘ።

"ማቲ... አቁመው..."

ቀዩን ቁልፍ መቱት። አልቆመም። ደገሙት።

"ዋናው ወርዷል ጋሼ። የማጠፋው ነገር የለም።" አልተንቀሳቀስኩም። "ወንድሜ ጠጥቶ ነበር?"

ዓይናቸው ፈጠጠ። ማን መሆኔ የገባቸው ያኔ ነው።

"አልጠጣም ነበር!" ክንዳቸው እየተሳበ ነው። "ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ... እኔ ነኝ..."

በጩኸቱ የተሰበሰቡት ሠራተኞች በሙሉ ሰሙ።

ጧ... ጧ...

ቶርኖው ቆመ።

ሳጥኑን ስከፍት ሽቦው የለም። አቶ ቤዛብሕ ክንዳቸውን ሲያወጡ የእጃቸው አንጓ ላይ ተጠምጥሟል። ጫፍ የለውም። ሆስፒታል ሲወሰዱም ሐኪሞቹን መቁረጫው አልይዝ አላቸው።

አቶ ቤዛብሕ ለፖሊስ እውነቱን ተናግረው በዋስ ተለቀቁ። እሁድ እናቴ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ትናንት ሐሙስ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ።

"ማቲ..." አሉ አቶ ቤዛብሕ፣ እያንሾካሾኩ። "ሽቦው ዛሬም አንድ ዙር ጠበቀ። ጣቶቼ ጠቁረዋል... ወንድምህን ለምንልኝ።"

"የት ነው ያሉት?"

"ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ። ብቻዬን ነኝ።"

ከኋላቸው መዳፍ ብረት መታ።

ጧ... ጧ...