ሳላየው የፈረምኩለት የፊት ፍሬን

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ሰው አማኑኤል ከተማ ድረስ ይምጣና መንገድ ዳር ያገኘውን ይጠይቅ፤ ጋራዤን ሕፃን ልጅም ያሳየዋል።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው። ቀትር። የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ራሴም አላምንም ነበር። ሌሊት ሰው የማይሆን ነገር ያያል። ቀትር ግን ሌላ ነው። እናቴ በልጅነታችን በዚያ ሰዓት ወንዝ አትሰደንም ነበር። «ቀትር ክፉ ነው» ትለን ነበር። እኛ እንስቅባት ነበር...

መሳፍንት እባላለሁ። የሞተር ሳይክል ሜካኒክ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከሞተር አስመጪው አንድ ወረቀት መጣልኝ። አስራ አንድ የሻንሲ ቁጥር ተዘርዝሮበታል። «የእነዚህ ሞተሮች የፊት ፍሬን ቱቦ ጉድለት አለበት። ሊሰነጠቅ ስለሚችል ፈታችሁ እዩ፣ ቀይሩ፣ ከዚያ ፈርሙ» ይላል። አዲሶቹን ቱቦዎችም በካርቶን አሽገው ልከውልኛል።

አስራ አንዱም የእኛው አካባቢ ሞተሮች ናቸው። ባለቤቶቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ።

እንግዲህ እኛ አገር የፊት ፍሬን የሚነካ የለም። ሞተር ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን «የፊቱን እንዳትይዝ፣ ይገለብጥሃል» የሚል ነው። እኔም ስንቱን ሳስተምር ይህንኑ ነው ያልኩት። እጀታው እንደ ጌጥ ተሰቅሎ ይኖራል። ታዲያ ማንም ለማይነካው ነገር አስራ አንድ ሞተር መፍታት...

ሰነፍኩ። እውነቱ ይሄው ነው።

ቁጭ ብዬ አስራ አንዱም ላይ «ታይቷል» ብዬ ፈረምኩ። አንዱንም አላየሁም።

ሁለት ወር ሳይሞላው ፈንታ ሞተ።

ፈንታ ከቁልቁለቱ ማዶ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ደንበኛዬ ነበር። ሞተሩ ከአስራ አንዱ አንዱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ያስፈጨውን ጤፍ ጭኖ ሲወርድ፣ የኋላ ፍሬኑ ከዳው፤ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ቀረ። የፊቱን ይዞ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «የኋላው ከድቶት ነው» ብሎ አለፈ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ አውቅ ነበር።

ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር መለስኩ። አላለቀስኩም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መንጋጋ እንደሚደነዝዘው፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ቦታ ደንዝዞ ነበር።

እና በዚያ የገበያ ቀን፣ በቀትር፣ የፈንታ ሞተር ጋራዤ በር ላይ ቆመ።

ያመጣው ታናሽ ወንድሙ አንሙት ነው። የተጣመመውን አቃንቶ ይነዳዋል። ከኋላው የፈንታ ሚስት፣ የብርጓል፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። በማግስቱ የፈንታ አርባ ነው። ለአርባው የጎደለውን ሸምተው በዚያው ቁልቁለት ሊመለሱ ነው።

«መሳፌ፣ ጎማውን ንፋልኝማ። እንቸኩላለን» አለኝ አንሙት።

«ፍሬኑንም ልይልህ።»

«የኋላውን አሠርቼዋለሁ እኮ።»

«የፊቱን ነው።»

አንሙት ሳቅ አለ። «የፊቱን ደግሞ ማን ይነካዋል?»

እጀታውን ጨበጥኩት። ዝም ብሎ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ባዶ ነበር። ቱቦውን አጠፍ አድርጌ ሳየው... ጥፍር የምታክል ስንጥቅ።

ከካርቶኑ አዲስ አውጥቼ ቀየርኩ። ዘይት ሞላሁ። አየሩን አስወጣሁ። ደግሜ ስጨብጠው ጠንካራ ነው። ጥሩ ፍሬን።

«ጨርሻለሁ» ብዬ እጄን ልጠርግ ዞርኩ።

ሲጥ... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መለስ ብዬ ሳይ እጀታው ወደ መሪው እየተጠጋ ነው። በዝግታ... ማንም አልያዘውም። አንሙት ከኋላ በኩል ነው ያለው። የብርጓል ወርዳ ግድግዳውን ተደግፋለች።

እጀታው ግማሽ መንገድ ሄደና ቆመ።

አንሙት አላየም። ሞተሩን ሊገፋ ሞከረ። የፊት ጎማው አልዞር አለ፤ አፈሩን እየፋቀ ተጎተተ።

«ምን አረግኸው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያዘው?»

የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ወደ መሬት ፈሰሰ። ዘይት የሌለው ፍሬን አይይዝም፤ ይህን ሥራውን ትናንት የጀመረም ያውቃል።

ያዘ።

እጀታውን በሁለት እጄ ወደ ውጭ ሳብኩት። ትንሽ ላላ ይልልኝና መልሶ ይጨብጣል። ብረቱ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው... ቀዝቃዛ ነበር።

የብርጓል ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«መሳፍንት...» አለች በሹክሹክታ።

«አቤት።»

«ስለ ወረቀቱ ነግሮኝ ነበር። መሳፍንት አይቶ ፈርሞልኛል ብሎኝ ነበር።»

እጀታውን ለቀቅሁት።

«አይተህለት ነበር?»

እጀታውን አየሁት። ከዚያ አፈሩን አየሁት።

«አላየሁለትም። ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንሙት ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጥቶ ቆመ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«የሌሎቹንስ?» አለች።

«እነሱን አይቻለሁ።»

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አላውቅም። ጋራዤን፣ ስሜን፣ ልጆቼን አሰብኩ መሰለኝ።

ሲጥ...

እጀታው የቀረውን መንገድ ሄዶ መሪው ላይ ተጣበቀ።

ከገበያው በኩል አንድ ሰው ጠራኝ። «ሜካኒክ... ና እስቲ፣ ሞተሬ አልገፋ አለኝ።»

ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ሰላሳ የሚሆኑ ሞተሮች ቆመዋል። አንዳንዶቹን ባለቤቶቻቸው ይገፋሉ፣ ይረግጣሉ፣ ይራገማሉ። የፊት ጎማቸው አይዞርም። በመስመሩ እየሄድኩ እጀታቸውን አየሁ። ተጨብጠው የቆሙት አስር ናቸው።

አስሩንም አውቃቸዋለሁ።

ተመለስኩ። የብርጓል እንደቆመች ናት።

«የማንንም አላየሁም» አልኳት።

«ታዲያ አሁን እያቸዋ» አለችኝ።

ካርቶኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ባለቤት «ሳላይ ፈርሜብህ ነበር» እያልኩ ፈታሁ። ከአስሩ ስድስቱ ተሰንጥቀዋል። ቱቦውን በቀየርኩ ቁጥር እጀታው በራሱ ይለቃል። አንዱ ሰደበኝ። አንዱ ተፋብኝ። አንድ ሽማግሌ ግን «እግዜር ይስጥህ» አሉኝ፤ እሱ ከስድቡ ባሰብኝ። ያም ሆኖ ውስጤ ምንም አላለም። እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው።

አስረኛውን ጨርሼ ስመለስ የፈንታ ሞተርም ለቆ ጠበቀኝ። ዘይቱን መልሼ ሞላሁ። አንሙት ሳይሰናበተኝ አስነሳው። ቁልቁለቱን የፊቱን ፍሬን እየነካ ወረደ። በሰላም ገቡ። አርባውም ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ...

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ከአስራ አንዱ አንዱ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ቀኝ እጄ በራሱ ይጨበጣል። ጋራዥ ውስጥ ብሆን፣ እየበላሁ ብሆን። ሞተሩ ወንዙ ጋ ሲደርስ ይለቀኛል። መጀመሪያ አላመንኩም ነበር፤ ሚስቴ ዘመናይ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆማ የሚወርዱበትን ሰዓት እየያዘች አረጋገጠችልኝ። ለምደነዋል። ስበላ እጄ ከተጨበጠ፣ እስኪለቀኝ እሷ ታጎርሰኛለች።

ትናንት በቀትር ፈንታ በወረደበት ቁልቁለት አናት ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሆኖ መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል።

ሞተር የለም። መኪና የለም። ሰው የለም።

እጄ ተጨበጠ።

እንዲህ ጠንክሮ አያውቅም። ጥፍሮቼ መዳፌን በሱት። ሞተር ታች ለመድረስ የሚፈጅበትን ያህል ጠበቅሁ። ከዚያም ጨምሬ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ዘንበል አለች... መንገዱ ባዶውን ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኙ እስከ አሁን አልለቀቀኝም።