ማስረጃው በወረቀት ይምጣ

መምህርቷ ከፎቁ ሥር ወድቃ የተገኘችው ጠዋት ነው። ፖሊስ ገና ሳይደርስ ጎረቤት ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ራሷን ወርውራ ነው፤ ያን ሁሉ ጉድ እንዴት ትቻለው?» ጉድ የሚሉት፣ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ፊቷን በሌላ ሴት ገላ ላይ ቀጥሎ በስሟ በከፈተው የኢንተርኔት ገጽ ይለጥፍባት የነበረውን ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያልፍ መሰላችሁ? እየተቀባበለ ነበር የሚያየው!

የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ ሻይ ቢጋብዟት እንኳ ለምን ብላ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍልና በረንዳዋን በዓይኗ አዳረሰች። ገመድ ላይ ያልደረቀ ልብስ ተሰጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ። አበራችው። ስልኩ ልክ እንደ አዲስ ዕቃ ቋንቋ ምረጡ አለ፤ ቀጥሎ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ጠየቀ።

የሟች ወንድም፣ ብረት በያጁ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«የስልኳን ኮድ የሚያውቅ ነበር?» አለችው።

«እኔና እጮኛዋ እናውቃለን።»

«እጮኛዋ አሁን የት ነው?»

«ታክሲ ነጂ ነው። ሰው ሳቀብኝ ብሎ ትቷታል። ትናንት ስትደውልለት ዋለች፤ አላነሳም።» እንባው መጣ። «ለፖሊስ ካመለከተች በኋላ ነው የባሰባት። መጀመሪያ የውሸት ፎቶ ነበር። ኋላ ግን ስልኳ ውስጥ የነበረ፣ ለማንም ያልላከችው የገዛ ፎቶዋ መጣ። ‹እሺ ካላልሽኝ ለእናትሽ እልካለሁ› አላት።»

«እናታችሁ ሰምተዋል?»

«ሞቷንም አልሰማችም። ሌላ ከተማ ናት፤ ልብ ሕመምተኛ ናት። እባክዎ፣ ያ ፎቶ እሷ ጋ እንዳይደርስ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

«እሞክራለሁ» አለች። ከዚህ የበለጠ ቃል መግባት አይሆንላትም።

የግቢው ዘበኛ በበኩሉ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ በዝናቡ ኮፍያውን ፊቱ ላይ የደፋ ሰው «ከፖሊስ ጣቢያ ነኝ» ብሎት መግባቱን ተናገረ። ፊቱን አላየውም። መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ጣቢያው፣ አቤቱታ ወደሚቀበለው ሳጅን ሄደች።

«ትናንት ማንን ላካችሁባት?»

«ማንንም! መኪና የለን፣ ሰው የለን።»

«ልታመለክት ስትመጣስ ምን አሏት?»

«እንደ ሁሉም ነዋ። ማስረጃሽን በወረቀት አሳትመሽ አምጪ አልኳት። የኛ ማተሚያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከመንገዱ ማዶ ኮፒ ቤት አለ። ሁሉንም እዚያ ነው የምንልካቸው።»

«ለምን እዚያ?»

«እንዴ! ቅርብ ስለሆነ ነዋ!»

ከሰዓት በኋላ ወንድምየውን፣ የሟችን እጮኛ፣ ሳጅኑንና የኮፒ ቤቱን ባለቤት በአቤቱታ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ስልኩ ተደምስሷል» ብላ ጀመረች። «ኮዱን የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ቢደመስሰው ኖሮ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ ኮዱን የማያውቅ ሰው የጎን ቁልፎቹን ተጭኖ ሲደመስሰው ነው። ስለዚህ እሷ አይደለችም። ወንድሟና እጮኛዋም ኮዱን ያውቃሉ፤ በቁልፍ ምን አደከማቸው?»

እጮኛው አንገቱን እንደደፋ ቀረ።

«ታዲያ የሚጠረጥሩት እኛን ነው?» አለ ሳጅኑ ፊቱ ቀልቶ።

«እርስዎ ስልኳን ነክተዋል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እሱማ አልነኩም። ማስረጃው በወረቀት እስኪመጣልዎት መልእክቱን እንኳ አላዩላትም። ስልኳን በገዛ እጇ ከፍታ የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲያትምላት። እውነተኛው ፎቶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በፖሊስ ስም በር ማስከፈትም የሚቀናው፣ ፖሊስ በየቀኑ ሰው የሚልክለት ነው።»

የኮፒ ቤቱ ባለቤት ሊስቅ ሞከረ። «እኔ እኮ የማትመው ወረቀት ነው፣ እሜቴ!»

«ኮምፒውተርህ ተከፍቷል። ከዚህ የተላኩት ሴቶች ሁሉ ፎቶ እዚያ ውስጥ አለ።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሱቄ ድረስ መጥታ ደርሼብሃለሁ አለችኝ። የሄድኩት ስልኩን ልነጥቃት ነው። አልለቅም ብላ እየጎተተችኝ በረንዳው ድረስ ወጣን፤ ገፋኋት...»

ወንድምየው ሊያንቀው ተነሣ፤ ሁለት ፖሊሶች ያዙት። ገዳዩን አወጡት።

«ታዲያ ከእንግዲህ የት እንላካቸው?» አለ ሳጅኑ። የምሩን ነበር የጠየቀው።

«ለእናትህ አልላከም፤ አረጋግጠናል» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ።

«የውሸቱን ፎቶ የሚለጥፈውስ?»

«እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ኮፒ ቤቱ ሳትሄድ ነው የጀመራት። ማን እንደሆነ አልታወቀም። እውነቱን ልንገርህ፣ የሚታወቅም አይመስለኝም።»

ወንድምየው ሊመልስላት ሲል ስልኩ ጠራ። እናቱ ናት። ጮክ ብላ ስለምትናገር ድምጿ ለሁሉም ተሰማ።

«ልጄ፣ እህትህ ምነው ስልክ አታነሳ? አንድ የማላውቀው ሰው ፎቶ ልኮልኛል፤ ዓይኔ አልለይ አለኝ። ጎረቤቴን እዪልኝ ብዬ ብሰጣት፣ አይታ ቶሎ መለሰችልኝና ምንም ሳትለኝ ወደ ቤቷ ሄደች። ምንድን ነው የላከልኝ?»