ማሽኑ አልተሳሳተም

መጀመሪያ ያየችው ሆዱን ሲያስገባ ነው። ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ ስታዞር ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

«ተንፍስ!» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ተንፍሻለሁ።»

«እንዲህ አድርጌ ከሰፋሁልህ ስትቀመጥ ይተረተርብሃል!»

ሳቁ አመለጠውና ሆዱ ዘርገፍ አለ። ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ፤ እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ያለምንም ጣጣ ነው።

ስድስተኛ ወር እርግዝናዋ ላይ የደም ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ከእርግዝናው ጋር የመጣ ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ምግብሽን መጥኚ፣ ከበላሽ በኋላ በእግርሽ ሂጂ፣ ጣትሽን ወግተሽ በስኳር መለኪያ ማሽን እየለካሽ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ አለ።

እሷ ሰማች። ባልየው ግን ዘመተ! ከሰሃኗ ላይ ድንች ያነሳል። ሙዝ ስትልጥ ከኋላዋ ከተፍ ይላል። ለሰው ሁሉ ዳቦ ሲጋግር ውሎ፣ ቤቱ ሲገባ የሚስቱን ቁራሽ ይለካል።

«ስንት ሆነ?»

«መቶ አርባ።»

«ምን በልተሽ ነው?»

«አየር!»

ከዚያ ፊቱ ይጠቁራል። ቤቱ የለቅሶ ቤት ይመስላል። ያ ፊት ነው ያንገፈገፋት። አንድ ጠዋት ማሽኑ መቶ ሃያ ስድስት ሲል፣ ደብተሩ ላይ ዘጠና ብላ ጻፈች። ባሏ ግንባሯን ሳማት። በማግስቱም ዘጠና፣ በሳምንቱም ዘጠና ሁለት... ቤቱ ሰላም ሆነ።

ከወር በኋላ ከባሏ ጋር ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሳች።

«ፅንሱ ከወሩ በላይ ገዝፏል» አለች ነርሷ ደብተሩን እያገላበጠች። «በዚህ ቁጥር እንዲህ መሆን አልነበረበትም።»

እሷ ቃል ሳትተነፍስ ባሏ ማሽኑን ከቦርሳዋ መንጭቆ ወጣ። ያበጠ እግሯን እየጎተተች ተከተለችው። ማሽኑን የገዙበት መድኃኒት ቤት ስትደርስ ባንኮኒውን እየደበደበ ነበር።

«እማማ፣ የተበላሸ ማሽን ሸጣችሁልን!»

«ልጄ፣ አሁን ሞከርኩት እኮ፤ ደህና ነው» አሉ ባለመድኃኒቷ። «ምናልባት አጻጻፉ ላይ...»

«ሚስቴ ዋሸች ነው የሚሉኝ? እሷ ዋሽታ አታውቅም! ከራሴ በላይ ነው የማምናት!»

በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ምነው በሰደበኝ፣ አለች በልቧ።

«ዋሽቻለሁ» አለች።

ዞር አለ።

«ማሽኑ አልተሳሳተም። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?... ልጃችን እኮ ነው!»

«ፊትህን ሽሽት! ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ልጄን የገደልኩ አድርገህ ታየኛለህ። ስኳሩን ችዬው ነበር፤ አንተን ነው ያልቻልኩት!»

«ፈርቼ እኮ ነው...» አለ። ባለመድኃኒቷ ወንበር ሲያመጡ ቀድሞ ዘፍ አለበት።

«ለእሷ ነው እንጂ ላንተ አይደለም!» ብለው አስነሱት።

በዚያው ሳምንት ኢንሱሊን ጀመረች። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ። እሱም ሰሃኗን መንካቱን ተወ፤ ከእራት በኋላ እጇን ይዞ አብሯት ይራመዳል። ግን ሌላ ጣጣ መጣ።

«ዘጠና አንድ» ስትለው፣

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው!»

ማሽኑን አይቶ ነው የሚያምናት። በቀን አራት ጊዜ! ትበሽቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ግን በምን አፏ ትናገር? ሳያይ ያምናት የነበረውን ሰው በገዛ እጇ አጥታዋለች። ከመርፌው ይልቅ ያቺ ጥያቄ ነበረች የምትወጋት።

ወሯ ደርሶ ሴት ልጅ ወለደች። ነርሷ የሕፃኗን ተረከዝ ወጋ አድርጋ ስኳሯን ለካች፤ ውጤቱን ለእናትየዋ ነግራት ወጣች። ጋጋሪው የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር እየሮጠ ገባ።

«ደህና ናት» አለችው። «ስኳሯም ደህና ነው።»

ጥያቄውን ጠበቀች። ማሽኑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ገና አልጠፋም።

እሱ ግን ወደ ማሽኑ ዞር እንኳ አላለም። ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ደረቱ ላይ ለጥፏት አለቀሰ።

«ኧረ ልጅቷን ዱቄት በዱቄት አደረግካት!» አለችው፣ እሷም እያለቀሰች።