ስድስቱ የላሉ ራጂዎች

ወደ ፋብሪካው የገባሁት ዊልፍሬድን ልበቀለው ነው። ፍቅር የሚሉት ጣጣ መሀል ገብቶ አበላሸብኝ እንጂ!

አባቴ ኧርነስት በርሚንግሃም በሚገኘው ሞተር ሳይክል ፋብሪካችን ሃያ ሁለት ዓመት ቴላዮ፣ የሞተሩን አጽም፣ በይዷል። ያኔ የኛን ሞተር ለመግዛት ዓለም ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የፋብሪካው ሞካሪ ነጂ ዊልፍሬድ ኩርባ ላይ ወደቀና «ብየዳው ለቀቀኝ» ብሎ ለአለቆች ተናገረ። አባቴ ተባረረ። ዓመት ሳይሞላው ሐዘኑ ገደለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በእናቴ ወገን ስም ተመዝግቤ ቸርኬ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራዬ የጎማውን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ራጂዎቹን፣ መወጠር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዊልፍሬድ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ራጂዎቹን በቁልፍ መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን አዳመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ! ከእንግዲህ ካንቺ ቸርኬ ውጪ አልነዳም።»

«አፍህ ሲያምር!» አልኩት። በሆዴ ግን «ቆይ ብቻ!» እላለሁ።

በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ዳቦና አይቡን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ለኔ ይሰጠኛል። ኮቴውን ስሰማ ፊቴ ይቀላል፤ አፈር በበላሁ! ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬም የማስበው እሱን ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ?

ዊልፍሬድ የሚነዳበት፣ በየዓመቱ ደሴት ላይ የሚካሄደው ታላቅ የሞተር ውድድር ደረሰ። ኩርባ ላይ ይጥለው ብዬ የፊት ጎማውን ስድስት ራጂ አላልቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ጠዋት ቸርኬውን እያንከባለለ መጣ።

«ኢኒድ፣ ስድስቱ ላልተዋል።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም።»

«የበያጁ የኧርነስት ልጅ ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ሣጥን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ብየዳው ምንም አልሆነም ነበር» አለ። «ማርሽ የሳትኩት እኔ ነኝ። እንዳልባረር ዋሸሁ። ከፈለግሽ ቸርኬውን እንዳለ እገጥመዋለሁ።»

«ሞተህ ልትገላገል? ምን ሲደረግ! በቁምህ ነው የምትከፍለው።»

ቁልፉን አንስቼ ስድስቱንም አጠበቅኩ። «በሻይ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ወጥተህ ለሰው ሁሉ ትናገራለህ።»

ጠረጴዛው ላይ ወጣ። በአራት መቶ ሠራተኛ ፊት የአባቴን ስም ጠርቶ፣ ውሸቱን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሽማግሌዎቹ በያጆች ቆባቸውን አወለቁ። ከሰዓት በኋላ እሱም ተባረረ።

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ በር ላይ ጠበቅኩት። ከዚያ በር በሞተር እንጂ በእግሩ ሲወጣ አይቼው የማላውቀው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ አለቀስኩ።

«በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም። እሑድ ለእናቴም ትነግራታለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳ እንበላለን።»

ከተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው። በየዓመቱ አባቴ በሞተበት ቀን መቃብሩ አጠገብ ቆቡን አስወልቄ አቁሜ በሠራተኛው ፊት የተናገረውን ያንኑ ቃል አስደግመዋለሁ። «ይቅር አትይውም?» የሚሉኝ አሉ። አልልም! እሱም አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ ጉልበቱን ስላመመው፣ ክንዱን ይዤ ቀስ እያልን ሄድን።