መኪናዎ ለሰርቪስ ደርሷል

«ቀይ ቀለም ያለው ይኖራችኋል?»

«ቀይ አናስመጣም። ነጭና ብርማ ነው ያለን።»

«እንግዲያው ነጩን አሳዪኝ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አንዲት ፊደል አልጎደለችውም። አቡጀዲ የነጯን መኪና በር ከፈተችለት፤ ሰውየው መሪው ላይ ተቀመጠ። እሷም ዞራ ከጎኑ ገባች። ከመስታወቱ ውጭ የማሳያ አዳራሹ እንደ ወትሮው ነው። አንድ ሻጭ ባልና ሚስት ይዞ ስለ ወንበር ልብስ ይለፈልፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ትወለውላለች።

ሰውየው የቆዳ ጃኬት ለብሷል። መሪውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ።

«ዕቃውን» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ዕቃው ጥፍር የምታህል የድምፅ መቅጃ ናት። አቡጀዲ የአንድ አሮጌ የመኪና ሪሞት ሆድ ዕቃ አውጥታ እዚያ ውስጥ ቀብራታለች። ሪሞቱ ያለው በቀኝ ኪሷ ነው። በግራ ኪሷ ሌላ ሪሞት አለ፤ ባትሪው አልቆበት ጠዋት ደንበኛ የመለሰው። እጇን ወደ ቀኝ ኪሷ ሰደደች።

«አይዞሽ አቡጀዲ። የሚያየን የለም።»

እጇ ቆመ።

አቡጀዲ።

ስሙን ያወጣላት «አጎት» የሚባለው አለቃዋ ነው። «ቀለም የለሽም፣ የነከሩሽን ትመስያለሽ» ብሎ። መልእክተኛ የይለፍ ቃል እንጂ ስም አይሰጠውም፤ ይህ የሥራው ሀ ሁ ነው። ስም የሚነገረው ባለቤቱ ከእንግዲህ ስሙን የማይፈልገው ሲሆን ነው።

እጇ አቅጣጫ ቀየረ። ከግራ ኪሷ ባዶውን ሪሞት አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችው።

«ከመኪናው ላይ የነቀለው ማነው? አጎት ጠይቃት ብሎኛል።»

«ወድቆ ነው የተገኘው።»

ባለ ጃኬቱ ፈገግ አለ። ሪሞቱን ኪሱ ከቶ ወረደና ወደ ደንበኞች ማረፊያ ሄዶ ጋዜጣ ገለጠ። አቡጀዲ በሩን ዘጋች፤ መስታወቱ ላይ የቀረውን የጣት አሻራ በእጅጌዋ ጠረገች። ያሠለጠናት የስለላ መሥሪያ ቤት አይደለም ይህን ያስተማራት። የመኪና ቤቱ ቢሮ ነው።

ወደዚህ ቢሮ የመጣች ጊዜ የደንበኛ ቁልፍ ሁሉ በአንድ ካርቶን ውስጥ ተዘባርቆ ነበር። መኪናው ያለቀለት ሰው ቁልፉ እስኪገኝ ቆሞ ይውላል። መለዋወጫ ታዞ ይረሳል፤ ስልክ ይጮኻል፣ ሁሉም «አንሱት እንጂ!» ይላል፣ ማንም አያነሳም። እሷ ቁልፎቹን ግድግዳ ላይ በየቀለማቸው ሰቀለች። መለዋወጫ አስመጪውን በየጠዋቱ ትነዘንዛለች። ቀጠሮ አሲዛ ደንበኛን ትጠራለች። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዳ ሁሉ «እሷ የቀረች ቀን ዘግቼ ነው የምሄደው» ይላል። መጀመሪያ ሽፋን ነበር። ከዚያ ልማድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

የተላከችበት ጉዳይ አጭር ነው። የዳኞችንና የዐቃቤ ሕጎችን መኪና የሚያዳምጥ ሰው አለ። በምስጢር የተያዘ ምስክር ከተደበቀበት ታድኖ ተገድሏል። መኪኖቹ ሁሉ ሰርቪስ የሚደረጉት እዚህ ነው። ማን እንደሚያዳምጥ አግኚ፣ ተባለች። ፈለገች። አጣች። በመጨረሻ መቅጃዋን ያገኙት ጋሽ ፍሬን ናቸው።

ጋሽ ፍሬን ዋናው መካኒክ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ፍሬኑን በእጃቸው ያላዩትን መኪና ከግቢ ስለማያስወጡ ነው። ባለፈው ሳምንት የዳኛውን መኪና ማሞቂያ ሲፈቱ መቅጃዋን ከዳሽቦርዱ ሥር ነቅለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውላት መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የመኪና ዕቃ አይደለም። የመኪና ዕቃ አያፍርም። ይሄ ተሸሽጎ ነው የተቀመጠው።»

«ለምን ወደ እኔ አመጡት?»

«ታዲያ እዚህ ቤት የጠፋ ነገር አንቺ ጋ አይደል የሚገኘው?»

እሷም ለአጎት «ዕቃ አግኝቻለሁ» ብላ ላከች። የሳቸውን ስም ግን አልላከችም። ለምን እንደዘለለችው አታውቅም። ዘለለችው።

የጠረጴዛዋ ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆሞ የከሰዓቱን ስብሰባ ይነግራታል።

«እንደምን አደሩ፣ መኪና ቤት።»

«የሰጠሽው ባዶ ነው» አለ አጎት።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ሪሞቱ አልሠራም ነው የሚሉኝ?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አኮማተረ።

«ቀልዱን ተይ። የት ነው?»

«ስሕተቱ የኛ ነው። ራስዎ ቢመጡ ይሻላል። ነጯን ለሙከራ አዘጋጅልዎታለሁ፤ እየነዱ እንነጋገራለን። ምሳ ሰዓት ይመችዎታል?»



«እመጣለሁ። የላክሁት ሰው እዚያው ይቆያል።»

ስልኩ ተዘጋ። «ጎበዝ» አላት ሥራ አስኪያጁ። «የተቆጣ ደንበኛ እንዲህ ነው የሚያዘው።»

ሥራ አስኪያጁ እንደሄደ አንድ ቁጥር ደወለች። ከሥልጠና ስትወጣ በቃሏ ያጠናችው፣ ደውላበት የማታውቀው ቁጥር ነው። ያነሳችው ሴት እትዬ ትባላለች። ከአጎት በላይ ናት።

«መኪናዎ ለሰርቪስ ደርሷል» አለች አቡጀዲ። «ዛሬ ከሰዓት ቢመጡ ጥሩ ነው። አጎትዎ ከሚመጡበት ሰዓት በኋላ።»

«ገባኝ» አለች እትዬ።

ወደ ጋራዡ ወረደች። ጋሽ ፍሬን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከአንድ መኪና ሥር ወጡ። መቅጃዋን መዳፋቸው ላይ አኖረች።

«ጋሽ፣ ይህችን ከነጯ ዳሽቦርድ ሥር ይክተቱልኝ። ሞተር ሲነሳ እንድትሠራ። አይጠይቁኝ።»

አይኗን አዩት። «አልጠይቅም። ግን የነጯን ፍሬን እኮ አላየሁትም።»

«ነገ ያዩታል። እንደጨረሱ ወደ መጋዘን ይሂዱልኝ፤ አዲስ የገቡትን መኪኖች እርስዎ ካልተረከቧቸው ሌላ አላምንም። ሹፌሩ በር ላይ ይጠብቅዎታል። ዛሬ ወደዚህ አይመለሱ።»

«እሺ ልጄ።»

የመውጫ ፈቃዱን ጻፈች። ማኅተም መታች። ሹፌሩን በስልክ አዘዘች። ሁሉም በየቦታው ነው። የቢሮ ሥራ ማለት ይኸው ነው፤ ሰውን በሰዓቱ በቦታው ማድረግ።

አጎት በከረባት መጣ። ሽቶ ሽቶ ይሸታል። ቁልፉን ሰጠችው፣ ቀበቶዋን አሰረች፤ ነጯ ከግቢ ወጣች።

«ይቺ መኪና ለስላሳ ናት» አለ፣ ማርሽ እየቀየረ። «ዕቃው የት ነው?»

«መጀመሪያ ለምን ስሜን ለሰው እንደሰጡት ይንገሩኝ።»

አጎት ፍሬቻ አሳይቶ ከዋናው መንገድ ወጣ። የግንብ አጥር የበዛበት ጭር ያለ መንገድ ውስጥ ገባ። ዳር ያዘ። እጁ ወደ ሞተሩ ቁልፍ ሄደ።

ሞተሩ ከጠፋ መቅጃዋም ትጠፋለች።

«መካኒኩ ጋ ነው!» አለች።

እጁ ተመለሰ። «የትኛው?»

«ዋናው መካኒክ። ጋሽ ፍሬን የሚሏቸው። የነቀሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን መጋዘን ናቸው፤ ዛሬ አይመለሱም።»

አጎት ስልኩን አወጣ። ሞተሩ ይሠራል።

«ሽማግሌው ጋ ነው» አለ በስልኩ። «ዋና መካኒካቸው። የነቀለውም እሱ ነው። ግቢው ውስጥ እንደሆነ እይ። ከሌለም ፈልገው። ዕቃውን ውሰድ። አደጋ አስመስለው።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ትከሻው ላላ። መንዳቱን ቀጠለ።

አቡጀዲ የራሷን እጆች አየቻቸው። ጭኗ ላይ ተኝተዋል። የሌላ ሰው ይመስላሉ። መጋዘን ናቸው፣ አለች በልቧ። ሹፌሩ ይዟቸው ሄዷል።

«የሚያዳምጡት እርስዎ ነዎት» አለች።

«ማን ሊሆን ኖሯል? ኤሌትሪሺያናችሁ ይገጥማል፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ የሚፈልግ ይገዛኛል።»

«ታዲያ ለምን እኔን ላኩ?»

«አለቆቼ ሰው አስገባ ብለው ወጠሩኛ። ሌላ ሰው ብልክ በወሩ ይደርስብኝ ነበር። አንቺን ግን ዐውቅሻለሁ። ሥራ ስትወጂ ለጉድ ነው። ቢሮው ይውጥሻል ብዬ ነው፤ ዋጠሽም።» ሳቀ። «ደግሞ ጠቀምሽኝ። ድሮ ደንበኞቹ ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይቀራሉ። አንቺ ከገባሽ ወዲህ በቀናቸው ተጠርተው ይመጡልኛል። ያንን ምስክር የደበቀው ዐቃቤ ሕግ ትዝ ይልሻል? የጠራሽልኝ አንቺ ነሽ። በዚያ በሚያምር ድምፅሽ።»

ትዝ ይላታል። ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ቀን ይሁን ብሏት ነበር። ለምናው ነው የመጣው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ ራሷ የተነገረውን ሁሉ ሰማች። ምንም አልተሰማትም።

«ምን አስበውልኛል?» አለች።

«ለጊዜው ሥራሽ ላይ ቆዪ። ዕቃው እጄ ከገባ ወዲያ እንነጋገራለን።»

ግቢው በር ላይ አቁሞ ወረደና በራሱ መኪና ሄደ። ነጯን ራሷ ይዛ ገባች።

ከጋራዡ በኩል ጩኸት ይመጣል።

ሠራተኛው ሁሉ አንድ መኪና ከብቧል። ክሪኩ ወደ ጎን ተጋድሟል። የድጋፍ ብረቶቹ ከሥሩ የሉም፤ ግድግዳው ጋ በሥርዓት ተደርድረዋል። ከመኪናው ሥር የሚታየው ጫማ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ባለ ጃኬቱ ማረፊያው ውስጥ የለም። ጋዜጣው ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ሹፌሩ አጥሩን ተደግፎ ያለቅሳል።

«መጋዘን ውሰዳቸው አላልኩህም?»

«እንሂድ ስላቸው እምቢ አሉኝ! ነጯ ሳትመለስ ንቅንቅ አልልም አሉ። ልጄ ፍሬኑ ባልታየ መኪና ወጥታለች፣ ስትገባ ሳላያት ሄጄ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉኝ። እስከዚያ ይህችን ልጨርስ ብለው ገቡ። እኔ ሲጋራ ልገዛ ወጣ ብዬ…»



አቡጀዲ ወደ ቢሮዋ ወጣች። አምቡላንስ ጠራች። ለፖሊስ ደወለች፣ አድራሻውን በግልጽ ተናገረች። በሩ ላይ ሰው አቆመች። የከሰዓቱን ቀጠሮዎች አንድ በአንድ እየደወለች ሰረዘች፤ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሌላ ቀን ሰጠች። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ያያታል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አላት።

ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ ለጋሽ ፍሬን ቤተሰብ ሊያረዳ ሲነሳ ስልኩ ጮኸ።

«እንደምን ዋሉ፣ መኪና ቤት።»

«ደኅና ነሽ ልጄ? እኔ የጋሽ ፍሬን ባለቤት ነኝ። የኛ ሰውዬ አሉ እንዴ? ስልካቸውን አያነሱም።»

በመስኮቱ ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌዎቹን መኪና ውስጥ ሲያስገባ ይታያታል። መርዶ በስልክ አይነገርም።

«ወጥተዋል እማማ» አለች። ድምፅዋ ያው ነው። «መልእክት ካለ ልያዝልዎት?»

«ምንም አይደል፣ የግፊት ክኒናቸውን ረስተው ሄደዋል። አደራ፣ ሲመለሱ ሥራ ሳያበዙ እንዲመጡ ንገሪልኝ።»

«እሺ እማማ።»

ስልኩን በቦታው መለሰችው።

እትዬ ሲመሻሽ መጣች። ጠና ያለች፣ የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት ናት፤ ለልጇ መኪና የምታይ እናት ትመስላለች። ነጯ ውስጥ ተቀመጡ። አቡጀዲ ጎንበስ ብላ መቅጃዋን ከዳሽቦርዱ ሥር ነቅላ ሰጠቻት። እትዬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። ለረጅም ጊዜ ሰማች።

«በቂ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላው ወሬ ነው፤ ፎክሬ ነው ሊል ይችላል። በስልክ የሰጠው ትእዛዝና የሽማግሌው ሞት ግን ይሰቅለዋል።» ዞር ብላ አየቻት። «ስማቸውን የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

«ሞተሩን ሊያጠፋው ነበር።»

«ምንጭሽ ነበሩ?»

«አይ» አለች አቡጀዲ። «የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ።»

እትዬ መቅጃዋን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች።

አጎትን ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዙት። ኤሌትሪሺያኑን ከሥራ ሲወጣ፣ ባለ ጃኬቱን አውቶቡስ መናኸሪያ። ጋዜጣ ላይ አንድም አልወጣም። አቡጀዲ ቀብሩ ላይ ከቢሮው ሰዎች ጋር ቆመች። ሚስትየው አቅፈዋት አለቀሱ፤ «ልጄ ይሉሽ ነበር እኮ» አሏት። «አዎ» አለች። እንባ ጠበቀች። አልመጣም።

መልቀቂያ ስታስገባ ሥራ አስኪያጁ ለመናት፤ ደመወዝ እጨምራለሁ አለ፤ በመጨረሻም ተቆጣ። ለተተኪዋ ልጅ የቁልፉን ግድግዳ፣ የአስመጪውን ጠባይ፣ የተቆጣ ደንበኛ አያያዝ አሳየቻት። ልጅቷ ቶሎ ገባት።

አሁን በሌላ ከተማ፣ የጎማ ማከፋፈያ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ሌላ ስም አላት። ሲጠሯት አንዳንዴ ዘግይታ ዞር ትላለች፤ ባልደረቦቿ ጆሮዋ ደከም ይላል ብለው ያስባሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉላታል። የተዘባረቀውን መደርደሪያ በመጣች በሳምንቱ አስተካክላዋለች። ምሳ አብራቸው ትበላለች። ሲስቁ ትስቃለች።

«ቤተሰብ የለሽም እንዴ?» አለቻት ገንዘብ ያዥዋ አንድ ቀን።

«አባቴ በቅርቡ ሞተዋል» አለች።

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። በተሰጣት የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም።

«ነፍስ ይማር። ምን ነበር ሥራቸው?»

የጎማ ጫኞቹ ከውጭ ይጠሯታል፤ ጭነት ገብቷል፣ የሚረከብ ሰው የለም።

«መጣሁ!» ብላ ተነሳች።