የማዘንጊያ ላስቲክ

ፀሐይ ስትጠልቅ ካርቱም ውስጥ፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ቤቱ የገባ ሰውና ያልገባ ሰው የሚጠብቅ። ማዘንጊያ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ከጠባቂዎቹ ጋር ነው። ልጆቿን ከትምህርት ቤት ስትጠብቅ ኖረች፤ እነሱ ትዳር ይዘው ሲሄዱ ደግሞ የልጅ ልጆቿን ስልክ መጠበቅ ጀመረች። ባሏን ገብረየስን ግን መጠበቅ አቁማ አታውቅም።

ገብረየስ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ፋሪሃ የምትባል ሴትዮ ግቢ አትክልተኛ ነው። የሚመላለሰው በአሮጌ ብስክሌት ነው። ብስክሌቷ ከእሱ በፊት ሁለት ባለቤቶች ነበሯት፤ ሁለቱም ሞተዋል። ማዘንጊያ ይህን ደጋግማ ታነሳለች፤ ሁለቱም በእርጅና፣ አልጋቸው ላይ እንደሞቱ ግን አታነሳም።

ብስክሌቷ መብራት አልነበራትም። በሙቀቱ ወራት አትክልት ውሃ የሚጠጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ስለሆነ፣ ገብረየስ ወደ ቤቱ የሚነዳው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ነው። የመንገዱ መብራት ደግሞ ዛሬ ቢኖር ነገ የለም። ሳጃና መግቢያ ላይ ዘይት ሻጩ ያለበት ማዕዘን በተለይ ድቅድቅ ነው። ማዘንጊያ ለዚህ የራሷ መላ ነበራት። ነጭ ነጠላ ጀርባው ላይ አሰረችለት፤ መሪው ላይ ደግሞ የፍየል ደወል አንጠለጠለችለት። ገብረየስ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ፍየል የገባበት እየመሰለው ልብሱን ከገመድ ላይ ለማንሳት ይወጣ ነበር።

አንድ ምሽት ፋሪሃ መኪናዋን ከግቢ ስታስወጣ ገብረየስን ልትድጠው ጥቂት ቀራት። ሴትዮዋ ደንግጣ ስታበቃ ተቆጣች። መብራት ሳያስገጥም በብስክሌት እንዳይመጣባት፣ የሰው ነፍስ በእጇ እንዲጠፋ እንደማትፈልግ ነገረችው። ገብረየስም በማግስቱ ወደ ኦመር ሄደ። ማዘንጊያም ተከተለችው፤ ብቻውን ትታው አታውቅማ።

ኦመር እናትና አባቱ ከወሎ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ካርቱም ተወልዶ ያደገ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። አማርኛውን ከዐረብኛው ጋር እያማታ ይናገራል፤ ለትልቁም ለትንሹም “አንተ” እና “አንቺ” ይላል፤ በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ “ሓቦባ”፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ብሎ ይጠራል፤ ክፋት ስለሌለው ማንም አይቀየመውም። ከዕቃዎቹ መካከል ትንሽ ጠርሙስ የምታክል፣ ጎማ ሲያዞራት ኤሌክትሪክ የምታመነጭ አሮጌ ዲናሞ ፈልጎ አወጣ። የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ በብሎን አጥብቆ አሰራት፤ ጭንቅላቷን ጎማው ላይ አስደገፋት፤ አንድ ሽቦ ወደ ፊቱ መብራት ዘረጋና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። መብራቱ ቦግ አለ።

“ሽቦው አንድ ብቻ ነው እንዴ?” አለች ማዘንጊያ።

“አንድ ይበቃል ያ ሓቦባ። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄዳል፣ በብስክሌቱ ብረት ይመለሳል። ኸላስ፣ አለቀ።”

ማዘንጊያ ይህን ባትሰማ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ባለቀ ነበር። ባለፈው ኸሪፍ፣ በዝናቡ ወራት፣ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሞልቶት ሳለ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ የመብራት ምሰሶ አንድ አህያ በኤሌክትሪክ መትቶ ሲጥል በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ምሰሶ ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

“ባሌ የሚቀመጠው እዚሁ ብረት ላይ አይደለም?”

“ትንሽዬ ናት ያ ሓቦባ። ትንኝ እንኳ አትገድልም።”

“ትንኝ ኮርቻ ላይ አይቀመጥም” አለችው።

ኦመር ስቆ፣ ጎማው እየዞረ ብረቱን እንድትነካው ጠራት። ማዘንጊያ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ያኔ ብትነካው፣ ወይም እንኳ “ለምን አይገድልም?” ብላ ብትጠይቅ፣ ምን ነበረበት? አልጠየቀችም። መፍራቱን እንጂ መጠየቁን ማን አስለምዶን።

ገብረየስ የዚያን ምሽት እንደ ሙሽራ መኪና እያበራ ገባ። ዲናሞው እንደ ወባ ትንኝ እየጮኸ ሰፈሩን አለፈ፤ ጎረቤቶችም ወጥተው አደነቁ። ማዘንጊያ ግን አላደነቀችም። ባሏ ከእግሩ እስከ መቀመጫው ኤሌክትሪክ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ነው የታያት። እያሰበች ሳለ ግን ስድስተኛ ክፍል የተማረችው ትዝ አላት። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መምህሯ ደጋግመው ያስጠኗት ነገር ነው፤ በፈተናም አግኝታዋለች።

የሚካኤል ዕለት ገብረየስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ማዘንጊያ የሚስማር ሳጥኑን ከፈተች። የዲናሞውን ብሎኖች ፈታች፤ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠችውን ላስቲክ በዲናሞውና በሹካው መካከል እንደ ሕፃን ሽንት ጨርቅ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለች፤ መልሳም አሰረችው። ለጥንቃቄ ኮርቻውንም ፕላስቲክ አለበሰችው። ከዚያ በኋላ ልቧ ረጋ። በእሷ ቤት መብራቱ የራሱ ሽቦ አለው፣ ባሏ ደግሞ ከብረቱ ክፋት ተጠበቀ። በአንድ እጇ ባሏን ስትጠብቅ በሌላ እጇ መብራቱን ማጥፋቷን አላወቀችም።

በማግስቱ ምሽት መብራቱ እምቢ አለ። ዲናሞው ይጮኻል፣ ብርሃን ግን የለም። ገብረየስ ወደ ኦመር ወሰደው። ኦመር አምፖሉን ቀየረ፤ ሽቦውን ቀየረ፤ መብራቱን ፈትቶ ገጠመ። ዲናሞውን ራሱ ያሰረው ስለሆነ ግን ሥሩን መፈተሽ አልታየውም። በመጨረሻ ዕቃው አርጅቷል አለ። ገብረየስም የሞተ ዕቃ አስታቀፍከኝ አለው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ስንት ዓመት ሲቀላለዱ ኖረው፣ የዚያን ዕለት ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

ማዘንጊያ ይህን ስትሰማ “መልአኩ ሚካኤል ነው ያጠፋው” ብላ አማተበች። ነጠላዋንና የፍየል ደወሏን መልሳ አመጣች። ገብረየስም ለፋሪሃ መብራት አስገጥሜአለሁ ብሎ ስለነበር መበላሸቱን አፍሮ አልነገራትም፤ እንደ ድሮው በጨለማ መንዳት ቀጠለ።

አንድ ቀን መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ ካለፈ በኋላ፣ ከዘይት ሻጩ ማዕዘን፣ ሐብሐብ የጫነ የአህያ ጋሪ ብቅ አለ። ገብረየስ ጋሪውን አላየም፤ ባለጋሪውም ገብረየስን አላየም። ብስክሌቷ ከጋሪው ጎን ተላተመች፤ ገብረየስ በመሪው ላይ አልፎ ሐብሐቡ መካከል ወደቀ። አህያው ዞር ብሎም አላየ።

“መብራትህ የት አለ?” አለ ባለጋሪው።

“የአህያህስ መብራት የት አለ?” አለ ገብረየስ፣ ከሐብሐቡ ውስጥ።

ባለጋሪው ደወሉን መስማቱን ግን አልካደም። ፍየል መስሎኝ ነው አለ፤ ፍየል ደግሞ ለራሷ ታውቃለች።

ደግ ሰው ስለነበር በጋሪው ላይ ጭኖ ቤቱ አደረሰው። ማዘንጊያ በሯን ስትከፍት ባሏ ከአናቱ እስከ ደረቱ ቀልቶ፣ ጋሪ ላይ ተጋድሟል። እሪ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ባለጋሪው ደም ሳይሆን የሐብሐብ ጭማቂ መሆኑን በዐረብኛ እየማለ ቢነግራትም አልሰማችውም፤ ገብረየስ ራሱ ጉንጩ ላይ የተለጠፈ ፍሬ አንስቶ እስኪያሳያት ድረስ። ጭማቂው ጭማቂ ነበር፤ ክንዱ ግን ተሰብሯል።

ክንዱ በጀሶ ታሰረ። አትክልቱን ሌላ ሰው ያጠጣ ጀመር። ገብረየስ ሥራው ይቀርብኝ ይሆን እያለ ጣራ ጣራ ሲያይ፣ ማዘንጊያ ደግሞ እሱን ታያለች።

ኦመር መውደቁን ሲሰማ ኩርፊያውን ትቶ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዕቃውን አንስቼ ሌላ አስገባለሁ ብሎ ግቢው ውስጥ ዲናሞውን ሲፈታ፣ ጥቁር ላስቲክ እየተተረተረ ከእጁ ገባ። ቢስበው ቢስበው አላልቅ አለው።

“ይሄን ማን አሰረው?”

ገብረየስ ወደ ማዘንጊያ ዞረ። ማዘንጊያ መሬት መሬት አየች።

“እኔ ነኝ” አለች። “ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።”

“አያስተላልፍም” አለ ኦመር። “መመለሻውን ዘጋሽበት እኮ ያ ሓቦባ። መመለሻ ከሌለው እንዴት አድርጎ ያብራ?”

ማዘንጊያ በመልአኩ ያሳበበችው ጨለማ የራሷ እጅ ሥራ መሆኑ ያኔ ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

“አንተን ከኤሌክትሪክ ላድን ብዬ ነው” አለችው ባሏን።

ገብረየስ ጀሶውን ትንሽ አየት አደረገው።

“ከኤሌክትሪክስ ድኛለሁ” አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ኦመር ነው። ገብረየስ ሲከተለው ክንዱን አመመውና እያቃሰተ ሳቀ። ማዘንጊያ አልሳቀችም። ተነሥታ ኦመርን በባሏ ፊት ይቅርታ ጠየቀችው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ስምህን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ አለችው። ኦመር አፍሮ እግሩን ማየት ጀመረ።

ከዚያም ዲናሞውን ያለ ላስቲክ አሰረ፤ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረ። መብራቱ በግቢው ግንብ ላይ ቢጫ ክብ ሠራ። “አሁን ንኪው” አላት።

ማዘንጊያ አማተበችና በአንድ ጣቷ ብረቱን ነካ አደረገች። ቀጥላም በመዳፏ ያዘችው። ከፀሐዩ ሙቀት በቀር ምንም አልነበረበትም።

“ይኸው ነው?” አለች።

“ይኸው ነው።”

ወገኖቼ፣ መብራት የሌላት ብስክሌት ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ያስገጥም። ደወልና ነጠላ መብራት አይሆኑም። እኛ ዕድሜ የጠገብነው ደግሞ፣ የምንወደውን ሰው ለመጠቅለል እጃችን ፈጣን ነው፤ ያልገባንን ለመጠየቅ አፋችን ይከብደናል። ግማሽ ትምህርት ይዘን ፍርሃት ሲጨመርበት መድኃኒቱን ራሱን እናፍነዋለን። አንድ ጥያቄ የገብረየስን ክንድ ባዳነ ነበር።

ገብረየስ ክንዱ ከዳነ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ፋሪሃም አልቀየረችውም። ማዘንጊያ አሁንም ትጠብቃለች። ልዩነቱ፣ አሁን የምትጠብቀውን ታየዋለች፤ ከዘይት ሻጩ ማዕዘን ቢጫ ብርሃን ብቅ ይላል፣ የዲናሞው ጩኸት ይከተላል። ገብረየስ የሚያማርረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብስክሌቷ ስትቆም መብራቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ሁለት ቃል ለማውጋት አልቻለም። ቆም ባለ ቁጥር ማዘንጊያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከደጃፏ እየሮጠች ትመጣለች።